ጀልባ ጎታቿ ንጋቷ

ሚዛን ተፈሪ ዝናብም ቡናም ሙዝም ሞልቷታል፤ ጀልባ ግን አልነበራትም። ስለዚህ ያን ሐሙስ ጠዋት አንዲት ሰማያዊ የብረት ጀልባ ሰይፈዲን ግቢ ውስጥ ተሳቢ ላይ ጉብ ብላ ስትታይ፣ ሥራ ያለውም የሌለውም በሩ ላይ ተኮለኮለ። "ኧረ ባሕሩ የታለ?" ይላል አንዱ። "ሰውየው ስለ ጎርፍ የሰማው ነገር ሳይኖር አይቀርም፣ እኛን ደብቆን ነው" ይላል ሌላው። ሰይፈዲን መልስ መስጠቱ ሰልችቶት፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ ለሦስተኛ ጊዜ መኪናው ውስጥ ገባ።

ሰይፈዲን የሚስማር፣ የቆርቆሮና የሲሚንቶ ነጋዴ ነው። በወጣትነቱ ከቡታጅራ መጥቶ፣ እዚሁ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ከብሮ የቀረ ሰው ነው። ጀልባዋን ያስመጣት ኦሞ ወንዝ ዳር ካሉ ባለታንኳዎች ጋር ተሻርኮ ሰውና ዕቃ ሊያሻግርባት ነው። ከሐዋሳ እስከ ሚዛን በትልቅ የጭነት መኪና መጣች። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ግን ለዚያ መኪና አይሆንም። አይሱዙ ላይ ብትጫን ግማሽ አካሏ ውጭ ይቀራል፤ እሺ ተጫነች እንበል፣ ወንዝ ዳር ማውረጃ ክሬን ከየት ይመጣል? ተሳቢዋ የተሠራችው ለዚሁ ነው። ከነጀልባዋ ወደ ኋላ ውሃ ውስጥ ትገባለች፣ ጀልባዋ ተንሳፋ ትቀራለች፣ ተሳቢዋ ባዶዋን ትወጣለች።

ችግሩ ማያያዣው ነው። ተሳቢዋ የምትያያዘው በብረት ኳስ ላይ ሲሆን የሚዛን አይሱዙዎች ያላቸው መንጠቆ ነው። በከተማው ኳስ ያላት መኪና አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም የሰይፈዲን የቅንጦት መኪና። ማርኳን አልነግራችሁም፤ በነጻ አስተዋወቃችሁልኝ ብሎ ይኩራራብናል። ብቻ ትልቅም ትንሽም ያልሆነች፣ ጥቁር፣ የቆዳ ወንበር ያላት፣ በሯ ሲዘጋ እንኳ ድምፅ የማይሰማ ነገር ናት። ከዱባይ ስትመጣ ጀምሮ ኳሱ ከኋላዋ ነበረ፤ ለምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ሰይፈዲን "ከኋላ የሚገጨኝን መቅጫ ነው" እያለ ይቀልድ ነበር። ይህችን መኪና ወንድሙን እንኳ መሪዋን አስነክቶት አያውቅም።

ግቢው ጠባብ ስለሆነ መውጫው ወደ ኋላ ነው። ሰይፈዲን መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር ተሳቢዋ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፤ ወደ ቀኝ ሲያዞር ወደ ግራ። መኪናዋ በበኩሏ ከኋላዬ ነገር አለ ብላ ጢጥ ጢጥ ጢጥ ትላለች። ሕዝቡ "ግራ! ኧረ ቀኝ! ና! ና! ቁም!" ይላል፤ ሁሉም ሹፌር ሆኗል። የጀልባዋ ቂጥ የግንቡን አጥር ሊገጭ አንድ ስንዝር ሲቀረው ከሰው መሀል አንድ ድምፅ ወጣ።

"ሰይፈዲን፣ ውረድ!" አለች ንጋቷ።

ንጋቷ የመጣችው ለማጀቷ በር ማጠፊያ ልትገዛ ነበር። የሃምሳ አንድ ዓመት ሴት ናት፤ የቤንች ልጅ፣ እዚሁ ሚዛን ዳር ተወልዳ ያደገች፣ ክንዷ የጠነከረ፣ ምላሷ ደግሞ ከክንዷ የባሰ። ቡና እርሻ በለቀማ ገብታ፣ አንድ ቀን ትራክተር ነጂው ታሞ ሲቀር "እኔ እሞክረዋለሁ" ብላ ወጣችበት፤ በወጣች በሃያ ሦስት ዓመቷ ወረደች። ያን ሁሉ ዘመን ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ እየጎተተች ቀዩን እሸት ቡና ከማሳ ወደ መፈልፈያው ስታመላልስ ኖረች። ከአራት ዓመት በፊት አዲስ አለቃ መጣና "ዕድሜሽን አስበን ነው" ብሎ የችግኝ ውሃ አጠጪ አደረጋት። ዕድሜዋን አስቦ! ንጋቷ የውሃ ማጠጫውን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ ጊዜው በደረሰ ቁጥርም ታሳድሳለች። የሚቀጥራት ግን ጠፋ። የአይሱዙ ባለቤቶችን ደጅ ጠናች። "እናቴ፣ ትራክተር ሌላ፣ መኪና ሌላ" እያሉ ይመልሷታል። ልጆቿ ደግሞ "አርፈሽ ተቀመጪ፣ ምን ጎደለሽ?" ይሏታል። የጎደላት መሪ ነው። ማታ ማታ በእንቅልፏ ማርሽ ስትቀይር ታድራለች፤ ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም።

ሰይፈዲን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ "እትዬ ንጋቷ፣ ቀልድ ላይ አይደለሁም" አላት።

"እኔስ ቀልድ ላይ ነኝ? አጥርህን ልታፈርስ ነው። ውረድና ልያዘው።"

"ይቺ እኮ ትራክተር አይደለችም።"

"ተሳቢው ተሳቢ ነው። ከፊቱ ያለው ቆዳ ወንበር ይኑረው አይኑረው እሱ ምን ያውቃል?"

ሕዝቡ ሳቀ። ሰይፈዲን አልሳቀም፤ አጥሩን አየ፣ ጀልባዋን አየ። ንጋቷ ወደ መስኮቱ ቀረበችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ስማ። ወንዝ ዳር አድርሼ ውሃ ላይ ካስቀመጥኩልህ የዕቃህ ሹፌር ታደርገኛለህ። ካቃተኝ ሁለተኛ የመሪ ነገር አንስቼ ደጅህን አልረግጥም።" በከተማው ሳትጠይቀው የቀረ ባለመኪና እሱ ብቻ መሆኑን ታውቃለች።

"ወላሂ ካቃተሽ ሁለተኛ እንዳልሰማሽ" አለና ወረደ።

ንጋቷ ገባች፣ መስታወቶቹን አስተካከለች፣ መሪውን ከላይ ሳይሆን ከታች በኩል በአንድ እጇ ያዘች። ዘዴው ይኸው ነው፤ ከታች ያለውን እጅህን ወደ ቀኝ ስትገፋው ተሳቢው ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ወደ ግራ ስትገፋው ወደ ግራ። ማን አስተማራት? ማንም። ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ወደ መፈልፈያው ጉድጓድ እየገፋች የተማረችው ነው። ጀልባዋ በበሩ መሀል ቀጥ ብላ ወጣች። ንጋቷ ወደ ጎን እንኳ አላየችም፤ ልቧ ግን በደስታ ደረቷን ይደልቀው ነበር።

መንገዱ ላይ ሰይፈዲን ከጎኗ ተቀምጦ ፍሬን ያለ ይመስል ወለሉን ይረግጣል። "ቀስ! ኧረ ቀስ!" ይላል። እሷ ደግሞ መኪናዋ ዳገቱን እንዴት እንደምትስብ እየሰማች ፈገግ ትላለች። መኪናዋ ማርሽ በራሷ የምትቀይር ናት፤ ቁልቁለት ላይ ንጋቷ ማርሹን በእጅ ወደ ሁለተኛ ስታወርደው ሰይፈዲን ደነገጠ፤ መኪናው ውስጥ እንደዚህ ያለ ነገር መኖሩን በሦስት ዓመት አላወቀም ነበር። "ሞተሩ ራሱ ይይዝልናል፣ ፍሬኑን አንፍጀው" አለችው። በየመንደሩ ልጅ አዋቂው ጀልባ በደረቅ መሬት ስትሄድ አይቶ ያጨበጭባል፤ ሰይፈዲንም ቀስ በቀስ ወለሉን መርገጥ ተወና እጁን በመስኮት እያወጣ ሰላምታ ይሰጥ ጀመር።

ጀሙ ከተማ ሲደርሱ አማቱ ቤት ምሳ መብላት ግድ ሆነ። እማማ ሀጂራ የሚስቱ የማርዋ እናት ናቸው፤ የእሳቸውን ደጅ አልፎ መሄድ የማይታሰብ ነው። ንጋቷን ሳሎን አስቀምጠው "ብዪ፣ በሞቴ፣ ይቺን ብቻ" እያሉ ሲያጎርሷት ውጭ ሌላ ሥራ ተጀምሯል። በእኛ አገር ባዶ የሚሄድ ነገር ያመናል። ወደ ወንዝ የሚወርድ መኪና እያለ ማን ጎደሬውን በአህያ ይልካል? ያውም አፏን ከፍታ የምትሄድ ባዶ ጀልባ! የእማማ ሀጂራ ሁለት ኩንታል ጎደሬ ገባ፤ የጎረቤት ጨው ገባ፤ የሌላው ጎረቤት አሥር ዘለላ ሙዝ ተከተለ። ጀልባዋ ከኋላ ዝቅ ያለች ስለሆነች ሁሉም የእሱን እዚያው ከኋላ ወሸቀ። ሰይፈዲን አማቱን እምቢ ሊል ነው? ከላይ ሸራ አለበሰበት።

ንጋቷ ወጥታ ሸራውን ስታይ "ይሄ ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀች።

"ትንሽ የመንገድ ስንቅ ናት፣ እማማ ናቸው" አላት። እሷም ሸራውን ገልጣ አላየችም። እርሻ ላይ ተሳቢዋን ሦስት ጊዜ ሳትዞር ሞተር አስነስታ የማታውቅ ሴት፣ በሰው አማት ጉርሻ ተሸንፋ ዝም ብላ ገባች። ጥፋቱ የራሷ ነው፤ በኋላም አልካደችውም።

ከጀሙ ወጣ ብለው ወደ ቆላው መውረድ ሲጀምሩ መንገዱ በአዲስ የተጠረገ ጠጠር ነበርና መኪናዋ ፍጥነት ያዘች። ያኔ ነው ከኋላ አንድ ነገር ጎተት ያደረጋት። መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ሁለቱም ባሱ። በመስታወቱ ውስጥ ጀልባዋ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ብቅ ትላለች። የመኪናዋ ቂጥ ቀለለ፣ መሪው ባዶ የሆነ መሰለ፤ በስተቀኝ ገደሉ ወለል ብሎ ይታያል።

"ፍሬን! ፍሬን ያዢ!" ብሎ ጮኸ ሰይፈዲን።

"ዝም በል!" አለችው። ሰይፈዲንን ዝም በል ያለው ሰው ከአባቱ ወዲህ የለም። ንጋቷ እግሯን ከነዳጁ አነሳች፣ ፍሬኑን አልነካችም፣ መሪውን ቀጥ አድርጋ እንደ ብረት ያዘች፣ ማርሹን አንድ ዝቅ አደረገች። "በኢየሱስ ስም፣ በኢየሱስ ስም" ትላለች በለሆሳስ። መወዛወዙ ቀስ በቀስ ቀነሰ። መንገዱ ሰፋ የሚልበት ጋ ስትደርስ ጠርዝ ይዛ አቆመች።

ወርዳ ሸራውን ገለጠችው። ጎደሬ፣ ጨው፣ ሙዝ፣ ሁሉም ቂጧ ላይ ተከምሯል። ደሟ ፈላ።

"ልትገለን ነበር! እንዲህ የጫንከው አንተ ነህ ወይስ አማትህ?"

"እትዬ ንጋቷ፣ የአማቴን ዕቃ መንገድ ላይ ላራግፍ?"

"አላልኩም። ወደ ፊት እናዙረው።"

"እሳቸው በእጃቸው ያስቀመጡት ነው፤ የተጨፈለቀ ሙዝ ደረሰ ሲባል ከሰሙ ማርዋ ቤት አታስገባኝም። ቀስ ብለሽ ንጂ በቃ። ወይም ከፈራሽ ተዪው፣ እኔ እነዳለሁ።"

ይህች ቃል ወጋቻት። ከፈራሽ! ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ሊያልቅ እንደሚችል ገብቷታል፤ እሺ ብላ ከነዳች ምናልባት ይደርሱ ይሆናል፤ እምቢ ካለች ሰውየው ተናዶ ያሰናብታታል፣ ከነገ ጀምሮ ሚዛን ላይ "ፈርታ መንገድ ላይ ወረደች" ይባላል። መሪው እጇ ከገባ በኋላ ሊያመልጣት ነው። ሆኖም እጇን ወደ መኪናዋ ዘረጋች። "ግባ። ንዳ። እኔ በእግሬ ከኋላ እመጣለሁ፤ ገደል ውስጥ የሚለቅምህ ሰው ያስፈልግሃል።"

ሰይፈዲን ገባ። መሪውን ያዘ። ቁልቁለቱን አየው፤ ደጋግሞ አየው። ከዚያ በሩ ያለ ድምፅ ተከፈተና ወረደ።

"እሺ ምኑ ነው ችግሩ? አሳዪኝ" አላት፣ በቀጭን ድምፅ።

አሳየችው። ከተሳቢዋ ጎማዎች ፊትና ኋላ ትልልቅ ድንጋይ ወሸቀች፣ "ራቅ በል" አለችው፣ ማያያዣውንም ፈታችው። የተሳቢዋ አፍንጫ ማንም ሳይነካው ከኳሱ ተነስቶ ወደ ሰማይ ቀና አለ፤ የጀልባዋ ቂጥ ጠጠሩ ላይ ዘጭ አለ።

"ያ ረቢ!" አለ ሰይፈዲን፣ እጁን አፉ ላይ ጭኖ።

"አየህ? አፍንጫዋ መኪናህን መጫን አለባት። ቂጧ ከከበደ መኪናህን ከኋላ ታንጠለጥላታለች። ጎማዋ መሬቱን ያልጨበጠ መኪና ምን ትሠራለች? እማማ ሀጂራ ሙዝ ያውቃሉ፤ ተሳቢ አያውቁም።"

ሰይፈዲን ነጭ ሸሚዙን ሳያወልቅ ጎደሬውን ተሸከመ። ሁለቱ ተጋግዘው ኩንታሎቹንና ጨውን ከጎማው ፊት ደረደሩ፣ ሙዙን የጀልባዋ አፍንጫ ውስጥ ሣር አንጥፈው አስተኙት። አሁን አፍንጫው ራሱን ችሎ ወረደ፤ ኳሱ ላይ ለማስቀመጥ ሁለት ሰው "እህ!" ብሎ ማንሳት ነበረበት። ንጋቷ ሰንሰለቱን አጣምራ አሰረች፣ ማያያዣውን በእርግጫ ሞከረችው፣ ሦስት ጊዜ ዞረችው። ሲነሱ ጀልባዋ እንደ ጨዋ ሰው ተከተለቻቸው። ሰይፈዲን እስከ ወንዙ ድረስ ወለሉን አንዴም አልረገጠም።

ወንዝ ዳር የደረሱት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። የባለታንኳዎቹ አለቃ አዛውንቱ ሲሞን፣ የጀልባ ሞተር ነገር አርባ ምንጭ ድረስ ሄደው የተማሩ ሰው፣ ከመንደሩ ሕዝብ ጋር ይጠብቃሉ። መውረጃው እርጥብ ሸክላ አፈር ነው፤ ላዩ ላይ ዝናብ ጥሎበታል። ጭነቱ ወረደ። ንጋቷ ጫማዋን አውልቃ ጭቃውን ራሷ ረገጠችው፣ በረጅም እንጨት የውሃውን ጥልቀት ለካች፣ ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

"አንድ ሰው ብቻ ነው የሚናገረኝ፣ ጋሽ ሲሞን። እርስዎም በአፍ አይደለም፣ በእጅ። በመስታወት ከማይበት ቦታ እንዳይነቃነቁ። ሌላው አፉን ይዝጋ።"

"ማናት እሷ?" አለ አንድ ሰው።

"ዝም በል ብላሃለች" አለው ሰይፈዲን።

ጢጥ ጢጧን ጯሂ አጠፋቻት። በመጀመሪያው ሙከራ ተሳቢዋ አጋማሽ ላይ ተጠማዘዘች። ከሕዝቡ መሀል "አይ!" የሚል ተሰማ። ንጋቷ ወደ ፊት ወጣች፣ አቃናች፣ እንደገና ገፋች። በሁለተኛውም ትንሽ ዘንበል አለች፤ ሰይፈዲን ጥፍሩን ይበላል። አሁንም ወደ ፊት ወጣች። እርሻ ላይ ስንት ጎረምሳ "ወደ ፊት መውጣት ውርደት ነው" ብሎ ተሳቢ ሲገለብጥ አይታለች። በሦስተኛው ታችኛው እጇ በጥቂቱ፣ እንደ ሹክሹክታ እየተንቀሳቀሰ፣ ተሳቢዋ ቀጥ ብላ ወረደች። ጎማዎቿ ውሃ ውስጥ ጠፉ። ሲሞን እጃቸውን ወደ ላይ ቀጥ ሲያደርጉ ፍሬን ያዘች፤ ጀልባዋም ወዝወዝ አለችና ከተሳቢዋ ተላቀቀች። ተንሳፈፈች!

እልልታው ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ላይ አስተጋባ። ንጋቷ አራቱም ጎማ እንዲስብ አድርጋ፣ ሳትቸኩል፣ ባዶዋን ተሳቢ ከጭቃው አወጣች። ወርዳ የመኪናዋን በር ዘጋች። ሰው ሁሉ ወደ ጀልባዋ ስለሮጠ ያያት አልነበረም። እንባዋ መጣ፤ በክንዷ ጠረገችው።

ሰይፈዲን ማዶ ካሉ ነጋዴዎች ጋር ቀጠሮ ነበረውና ከመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች ጋር ዘሎ ገባ። ሲሞን ሞተሩን አስነሱ፣ ጀልባዋ ወንዙን መቁረጥ ጀመረች። ንጋቷ ቁልፉን በእጇ እንደያዘች ቆማ ታያለች። ስለ ስምምነታቸው አንድም ቃል አላነሳም። ሰው ደስ ሲለው ይረሳል። ጀልባዋ ትንሽ እንደራቀች ሰይፈዲን ሲሞንን ትከሻቸውን መታ መታ ሲያደርጋቸው አየች፤ ጀልባዋ ዞረች፣ ወደ ዳር ተመለሰች። ኪሱን እየዳበሰ ነው። ቁልፉ ትዝ ብሎት ነው፤ ወንድሙን የማያስነካ ሰው ለእሷ ትቶላት ይሄዳል? ንጋቷ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገብታ ቁልፉን ዘረጋችለት።

ሰይፈዲን አልተቀበላትም። ከኪሱ ያወጣውን ሁለተኛውን ቁልፍ እጇ ላይ አኖረው።

"እኔ እስከ ሰኞ ማዶ ነኝ" አለ። "መኪናዋን ከነተሳቢዋ ይዘሽ ወደ ሚዛን ተመለሺ። ማርዋ ቁልፉን ስጪኝ ካለችሽ አንዱንም እንዳትሰጫት። ሰኞ በተሳቢዋ ሃምሳ ቆርቆሮ ጭነሽልኝ ትመጫለሽ።"

ንጋቷ ሁለቱን ቁልፎች ጨበጠቻቸው።

"እመጣለሁ። ጭነቱን ግን የማስጭነው እኔ ነኝ።"

"እማማ ሀጂራ ዘንቢል ይዘው ቢመጡስ?"

"እሳቸውም እኔን ያስፈቅዱ" አለች።